ለአንድ ሰው አንድ ብቻ

የሞክስባንክ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሚስ ፔንሮዝ ፍንዳታ ሲሰሙ «ማን ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «ጠፋ ወይ?» ብለው ነው፤ እሳቱን ማለታቸው ነው። ጠፍቷል ከተባሉ ሻያቸውን ይቀጥላሉ። አልጠፋም ከተባሉ ደግሞ ሻያቸውን ጨርሰው ይነሳሉ።

እኔ እዚያ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል ክፍል እገባ ነበር ማለቴ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ካርታዎቼ እግር አውጥተው ጠፉ። አፍሪካን ከግቢው ጀርባ ድንኳን ሆና አገኘኋት፤ እስያ ከጣሪያ ወደ ሣሩ መንሸራተቻ ሆና ኖሮ ሂማላያ ላይ ተቀዳለች። በምድር ሉሉማ ልጃገረዶቹ ከመንደሩ ወንዶች ልጆች ጋር ኳስ ተጫውተው አሸንፈዋል። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። አባቴ የሰበካ ቄስ ስለነበሩ ስድብ ሳልማር አደግሁ እንጂ ቁጣውን አላጣሁትም። ግን ምን ያደርጋል? ብቆጣ «ሚስ ክራብትሪ ሲቆጡ እንዴት ያምርባቸዋል!» ብለው ያጨበጭባሉ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እወዳቸው ነበር።

የዲትልኮም መንደር ሰው ግን አይወደንም። ምክንያት አጥቶ አይደለም። በትንሣኤ እሑድ ፍየላችን የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ መቆሚያ ላይ ወጥታ ተገኝታለች፤ ስብከቷ አጭር ስለነበረ የወደዱላትም አልጠፉም። ሌላ ጊዜ የሥጋ ቤቱን ታፔላ ነቅለው ሐኪሙ በር ላይ ሰቀሉት፣ ሐኪሙም ስንት ቀን ሙሉ በሽተኛ የሚባል ሳያይ ከረመ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ሚሲስ ታፕሎ ከዚያ ወዲህ በራችን አጠገብ ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች። «ልጄን እዚያ ከምልክ ሰርከስ ባስቀጥራት ይሻለኛል» ትላለች፤ እኛ እንድንሰማ ጮክ ብላ። እንዲህ የሚባልለት ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ ከየት ያምጣ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ አልተመዘገበችም። ትልልቆቹ ጨርሰው ሲሄዱ የኮት መስቀያው ክፍል ግማሹ ባዶ ቀረ።

ቤቱ የሰር ጎድፍሬይ ነው፤ ከአያታቸው የወረሱት፣ ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ይልቅ ውስጡ የሚርስ ትልቅ ቤት። የኪራይ ውላችን በዚያ በጋ ያልቅ ነበርና አንድ ሰኞ ጢማቸውን ቀጥ አድርገው መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ተመልሶ እንደማይገኝ ያውቃሉ።

«ሚስ ፔንሮዝ፣ ለመጪው ዓመት ስንት አዲስ ተማሪ አመለከተ?» አሉ።

«እየጠበቅን ነው» አሉ ሚስ ፔንሮዝ።

«አምናስ?»

«አምናም እየጠበቅን ነበር።»

«እንግዲህ ልንገርዎት። ኮሎኔል ስታብስ ቤቱን ለአሳማ ርቢ ፈልገውታል። አሳማ ቢያንስ ጣሪያ ላይ አይወጣም።»

«ከኛ ልጆች ጋር አንድ ሳምንት ቢውል ይወጣ ነበር» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው አምልጦኝ። ሰር ጎድፍሬይ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሱ።

«ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው አሉ። እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ። አንድ፣ አንድ ብቻ አዲስ ወላጅ በራችሁ ላይ ቆሞ ካየሁ ውሉን አድሳለሁ። ካላየሁ ግን ቁልፉን ይዤ ነው የምሄደው። ክፋት አይደለም፣ ሚስ ፔንሮዝ። አሳማ ጥሩ ነገር ነው።»

በሩን ሲከፍቱ ክሌመንሲ ባግሾ አብራ ተከፍታ ገባች። ጆሮዋን ለጥፋ ስትሰማ ነበራ። ወላጆቿ ስሟን ሲያወጡላት ምሕረት ማለት ነው ብለው ነው፤ ከእነርሱ በኋላ ግን ማንም ምሕረት አሳይቷት አያውቅም። እናቷ ሞተዋል፤ አባቷ መርከብ ላይ ናቸው። ያላት አንዲት አክስት ናት፣ አክስቷም ያላት አንድ ሐሳብ ነው፦ ልጅ ማለት ከዓይን የራቀ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰችው ከስድስት ትምህርት ቤት ተባርራ ነው። በመጀመሪያ ሰሞን ልብሷን ሁሉ ከሻንጣ እያወጣች ትለብስ፣ መልሳም ሻንጣ ውስጥ ትከት ነበር። መሳቢያው ባዶ እያለ ለምን እንዲህ እንደምትሆን ስጠይቃት «ሚስ፣ ሊያባርሩኝ ነው፤ ሁለቴ ከመልፋት» አለችኝ። ታዲያ አንድ ቀን ካልሲዋን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። ይህንን ሚስ ፔንሮዝ ሰሙና ለትምህርት ቤቱ በሙሉ የማር ፑዲንግ የሚባለው ጣፋጭ እንዲሠራ አዘዙ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ልጆቹም አልጠየቁም፤ ፑዲንግ ምክንያት አይጠየቅም።

ሰር ጎድፍሬይ ከሄዱ በኋላ ክሌመንሲን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ሚስ፣ ይሄ ቤት ከተዘጋ አክስቴ ሰሜን ነው የምትልከኝ። ጠዋት ጠዋት በበረዶ ውሃ የሚያጥቡበት ቦታ አለ። መሳቅ በፈቃድ ነው አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አክስቴ ናት። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።»

ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ገና አምስት ቀን አለ» አልኳት፣ እንደ ሞኝ።

ዓርብ ዕለት ከእኔ ጋር ፖስታ ቤት ወርዳ ነበር። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሦስት ሴቶች አንዷ ከአንዷ ኋላ ቆመዋል። አንዲት አራተኛ ሴት ስትሮጥ መጥታ ከኋላቸው ቆመችና ከፊቷ ያለችውን «ምን መጥቶ ነው?» አለቻት።

«እኔ እንጃ። ግን የሆነ ነገርማ አለ።»

«ተመስገን፣ ደረስኩበት» አለች ሴትዮዋ፣ ቅርጫቷንም አስተካክላ ያዘች።

እኛ እንዲህ ነን። ጦርነቱ ካለቀ ቆይቷል፣ ሥጋና ቅቤ ግን ያኔም በኩፖን ነበርና ወረፋ ያየ ሰው መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠይቃል። እናቴ አንዴ ግማሽ ቀን ተሰልፋ የጥንቸል መኖ ይዛ ገባች። ጥንቸል አልነበረንም። በኋላ ጥንቸል ገዛን።

ክሌመንሲ መንገዱ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ ይህ ብልጭታ ሲታይ ከቤታችን ጣሪያ ቢያንስ ጥቂቱ እንደሚነሳ ልምዴ ነግሮኛል።

«ሚስ» አለች በዝግታ። «ሰውዬው ማየት የሚፈልጉት ሰው በር ላይ ቆሞ ነው፣ አይደል? ለምን እንደቆመ ጠይቀዋል?»

«ክሌመንሲ፣ ተይ።»

«ምንም አላደርግም፣ ሚስ። እቆማለሁ ብቻ። መቆም ደግሞ ኃጢአት አይደለም፤ አባትዎ ቢኖሩ ይጠይቋቸው ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ከመስኮቴ ወደ ግቢው በር ባይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ከትያትር ልብስ ሳጥናችን የወጣ ሻሽ፣ ካፖርትና ቅርጫት ለይቼ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ሁለቱ የክሌመንሲ ጓደኞች ናቸው። ከኋላ ያለችው ራሷ ክሌመንሲ ስትሆን ደረቷ ላይ ትራስ ወትፋ የሕፃን ጋሪ ይዛለች። ጋሪው ውስጥ ፍየሏ ነጭ ቆብ አድርጋ ተኝታለች። እየሮጥኩ ወረድኩ፤ ከመድረሴ በፊት ግን ሚሲስ ታፕሎ በማዶ በኩል ስታልፍ አየቻቸው። ቆመች። አመነታች። ከዚያ፣ ያቺ ከበራችን መንገድ የምትሻገር ሴት፣ ወደ በራችን መንገድ ተሻግራ ከጋሪው ኋላ ተሰለፈች።

«ምን መጥቶ ነው?»

«አልነገሩንም፣ እትዬ» አለች ክሌመንሲ፣ ድምፅዋን አወፍራ። «ግን ጥቂት ነው አሉ።»

ጥቂት! በዚያ ዘመን ለአገራችን ሴት ከዚህ ቃል የሚበልጥ የፍቅር ቃል አልነበረም። ሚሲስ ታፕሎ ጫማዋን መሬቱ ላይ ተከለች። ጋሪው ውስጥም ጎንበስ ብላ አየች።

«ይባርካት፣ ስንት ወሯ ነው?»

«አራት።»

«ጺም አላት እንዴ?»

«በአባቷ በኩል ነው።»

«አይ፣ የወንድ ነገር» አለች ሚሲስ ታፕሎ፣ ከልቧ አዝና።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ከእጃችን ወጣ። የፖስተኛው ሚስት መጣች። ሁለት እህትማማች አሮጊቶች ወንበራቸውን ይዘው መጡ። አውቶቡሱ ቆሞ ግማሹ መንገደኛ ወረደ፤ ሹፌሩም ጥቂት አስቦ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ወረፋው የግቢያችንን አጥር ጨርሶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈ። የመንደሩ ፖሊስ ሥርዓት ለማስከበር መጥቶ ሥርዓቱ የተከበረ መሆኑን ሲያይ ራሱም ገባበት። ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ሳርዲን ነው ይላሉ፣ ወዲህ ያሉት የሐር ካልሲ ነው ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉት ደግሞ ሙዝ ነው ብለው ምለው ነበር።

ሚስ ፔንሮዝ በመስኮት ብቅ አሉ። «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም። ወረፋ ነው።»

«የምን?»

«የምንም።»

ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ሻይ ይጠጡ እንጂ» አሉና ልጆቹን ሻይ እንዲያፈሉ ላኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እውነት ነው። ክሌመንሲ ወረፋ ማስጀመሩን እንጂ ወረፋ ፊት እንዳለው አላሰበችም። የተሰለፈው ሰው መገፋፋት ሲጀምር ሁለቱ ጓደኞቿ በበሩ ገብተው ተሰወሩ፣ እርሷም ጋሪውን ዛፍ ስር አቁማ ሻይ ወደሚያድሉት ልጆች ገባች። ሚሲስ ታፕሎ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ቀረች። ከኋላዋ የዲትልኮም ሕዝብ በሙሉ ቆሟል።

«እሺ?» አለችኝ። «ምንድን ነው የምትሰጡት?»

ውሸት አልችልበትም፣ የቄስ ልጅ ነኝ። ደግሞም ተናድጄ ነበር። እውነቱን ነግሬ ሁሉንም ወደየቤታቸው ልሰድ አሰብኩ።

«የትምህርት ቤት ቦታ ነው፣ ሚሲስ ታፕሎ። እዚህ። ሞክስባንክ። ለመጪው ዓመት።»

ፊቷ ላይ ሁለት ነገር ሲታገል አየሁ። በአንድ በኩል ታፔላው አለ። በሌላ በኩል ጠዋቱን ሙሉ የቆመችበት እግሯ አለ። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ያን ሁሉ ሰው አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ለአንድ ሰው ስንት ነው?»

«ምን?»

«ስንት ይሰጣል ለአንድ ሰው? ልጆቼ ሁለት ናቸው።»

«ለአንድ ሰው አንድ ብቻ!» አልኩ በቁጣ፤ የምለውን ሳላውቅ።

እንዲህ ባልኩ ጊዜ አበቃልኝ። «ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው!» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ድልድዩን ሲሻገር ይሰማኝ ነበር። ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ተጠጉ። አንዲት ሴት ባሏን እንዲጠራላት ልጇን ወደ ቤት አስሮጠች፣ ሁለት ሰው ከሆኑ ሁለት እንዲደርሳቸው። «ምን ነበር ያሉት?» ሲል የሚጠይቅም ነበር፤ «ቦታ ነው፣ እያለቀ ነው» ይሉታል፣ ይበቃዋል።

ሚስ ፔንሮዝ ጠረጴዛ አስወጡ፣ ጨርቅ አለበሱት፣ ከኋላው ተቀመጡ። ከሁሉ በፊት ግን ራሳቸው ወደ ኮት መስቀያው ክፍል ገብተው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆይተው፣ አንድ ሳጥን ይዘው ወጡ። እኛ ጋ እያንዳንዷ ልጅ መስቀያ አላት፤ በመስቀያውም ላይ ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ነሐስ ትንጠለጠላለች። ያለዚያች ነሐስ የሞክስባንክ ልጅ አይደለሽም። የባዶዎቹን መስቀያዎች ነሐስ ሁሉ ሰብስበው ኖሯል። ሰውም የሚጨበጥ ነገር ሲያይ እምነቱ ጸና።

«እንኳን ደስ ያለዎት» ብለው ለሚሲስ ታፕሎ የመጀመሪያዋን ሰጧት።

ሚሲስ ታፕሎ ነሐሷን በቀሚሷ ጠረገቻት። ከዚያ ጎንበስ አለች። «አንድ ነገር ግን፣ ሚስ ፔንሮዝ። ያቺ ክሌመንሲ የሚሏት፣ ታፔላችንን ያወረደችው። የጨዋ ልጅ ካመጣን እሷ ትሄዳለች መቼም፣ አይደል?»

«ሻይ ይፈልጋሉ?» አሉ ሚስ ፔንሮዝ።

የፖስተኛው ሚስትም ያንኑ ጠየቀች። አሮጊቶቹ ለእህታቸው ልጅ ልጅ አንድ ወሰዱና እነርሱም ጠየቁ። «ፍየሏን ያስገባችው ልጅ ትሰናበታለች፣ አይደል?» ሚስ ፔንሮዝ ለሁሉም ሻይ ጋበዙ። ሻዩን የምትቀዳው ሻሽ ያሰረች፣ ደረቷ የተወጠረ ሴት ናት፤ ማንም ልብ አላላትም። እኔ ግን አየኋት። ሲኒው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣ እርሷ ግን አሁንም ትቀዳለች። ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነው። ልጠራት ስል አንዱ «እኔ ላጤ ነኝ፣ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «የወንድምህን ልጅ ስም ተናገር!» ብዬ ስመለስ ማንቆርቆሪያው ብቻ ነበር የቀረው።

እኩለ ቀን ላይ የሰር ጎድፍሬይ መኪና ደረሰ። ወርደው ወረፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ጢማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

«ኧረ ወረፋ አለ!» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«እኛም የየቤታችን ባለቤት ነን። ከኋላ!»

«ከኋላ! ከኋላ!» አለ ሕዝቡ። ፖሊሱም ከመሃል ሆኖ «ሰር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ከኋላ» አላቸው።

ሰር ጎድፍሬይ ሁለት ጦርነት የዘመቱ ሰው ናቸው። ግን የሰው ተራ ነጥቀዋል ተብሎ መቃብራቸው ላይ እንዲጻፍ አይፈልጉም። ኮፍያቸውን አንስተው ይቅርታ ጠየቁና ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሄደው የመጨረሻ ሆነው ቆሙ።

ወረፋ ሰውን ይለውጣል። ሰር ጎድፍሬይ መጀመሪያ ላይ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን አስግገው ሳጥኑን ማየት ጀመሩ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከፊታቸው ያለውን ሰው «ስንት የቀረ ይመስልሃል?» ብለው ሲጠይቁ ሰማኋቸው። ጠረጴዛው ፊት ሲቆሙ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር።

«አለ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ሚስ ፔንሮዝ ሳጥኑን አዘነበሉት። አንዲት ነሐስ ተንከባላ ወጣች። «የመጨረሻዋ ናት። ለማን ነው?»

«ለልጅ ልጄ። ሮዛሊንድ ትባላለች። በጣም ጸጥተኛ ልጅ ናት።»

«አይዞዎት፣ እናድናታለን» አሉ ሚስ ፔንሮዝ። ከዚያ ነሐሷን ሳይለቁ «ቤቱ የአሳማ ከሆነ ግን ይህቺ ዋጋ የላትም፣ ሰር ጎድፍሬይ። ልመልሳት?» አሏቸው።

«አይነኳትም!» ብለው ጮኹ ሰር ጎድፍሬይ። «እስከ አሁን የቆምኩት በባዶ እጄ ልሄድ ነው?» ውሉን ከደረት ኪሳቸው መዥርጠው ፖሊሱን አጎነበሱትና ጀርባው ላይ ፈረሙ።

ጩኸቱ! ልጆቹ ከጣሪያ፣ ከዛፍ፣ ከመስኮት ወረዱ። አንዷ ደወሉን፣ ሌላዋ መጥበሻ ትደበድባለች። ሰር ጎድፍሬይን እቅፍ አድርጌ ሳምኳቸው፤ እስከ ዛሬ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ዞር ስል ከእርሳቸው ኋላ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት ቆማለች።

«በቃ ግቢ፣ አንቺ ጉድ! ጨዋታው አልቋል፣ አሸንፈሻል!» አልኳት እየሳቅኩ።

አልተንቀሳቀሰችም። ትራሱን ከደረቷ አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው። ሻሹን ፈታች። ክሌመንሲ ናት፣ ግን ጨዋታ ላይ አይደለችም።

«ወረፋ ይዤ ነው፣ ሚስ» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱን ያዳነችው ልጅ፣ ላዳነችው ትምህርት ቤት እርሷ እንደማትሆን ሲነጋገሩ ቆማ ሻይ ስትቀዳ ውላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዳ ከኋላ ተሰልፋለች። መለመን አላወቀችበትም። ሥርዓቱን ጠብቃ መጣች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ሚስ ፔንሮዝ፣ አንድ የቀረ አለ?»

«ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለራሴ።»

ደወሉ ቆመ። መጥበሻውም ቆመ። ሚሲስ ታፕሎ አወቀቻትና «አልቋል!» አለች። «የመጨረሻው ሲሰጥ በዓይናችን አይተናል። ሳጥኑ ባዶ ነው!»

ሳጥኑ እውነትም ባዶ ነበር። ክሌመንሲ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ልትዞር ስትል ሚስ ፔንሮዝ «ቆይ እስቲ» አሉ።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ባለሱቅ አልቋል ካለ በኋላም ለሚወደው ሰው ከባንኮኒ ስር የደበቃት አንዲት ነገር ትኖረዋለች። ይህንን የማያውቅ አልነበረም፤ ፊት ለፊት ሲደረግ ያየ ግን የለም። ሚስ ፔንሮዝ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገልጠው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ከስር አስገቡ። ሲነሱ አንዲት ነሐስ ይዘዋል። አዲስ አይደለችም፤ ዙሪያዋን በጥርስ ተነክሳለች። ከራሷ ከክሌመንሲ መስቀያ ላይ የተነቀለች ናት።

«ሳጥኑን ላመጣ ስገባ መጀመሪያ ያነሳሁት ይህቺን ነው» አሉ። «በዚህ ሁሉ ግርግር በስህተት ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ ፈራሁ።»

ክሌመንሲ እጇን አልዘረጋችም። የምታምን አልመሰለችም። ሚስ ፔንሮዝ መዳፏን ይዘው ከፈቱና ነሐሷን አስጨበጧት።

«ትሄዳለች ብለውን አልነበር?» አለች ሚሲስ ታፕሎ።

«እኔ ሻይ ይፈልጋሉ ወይ ነው ያልኩት፣ ሚሲስ ታፕሎ። እርስዎም እፈልጋለሁ ብለው ጠጡ።» ሚስ ፔንሮዝ ተነሱ። አጭር ሴት ናቸው፤ ቢነሱም ብዙ ለውጥ የለውም። ድምፃቸው ግን ድልድዩ ድረስ ሄደ። «ይህቺ ልጅ ከዚህ አትሄድም። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው ካለ ነሐሱን አሁን ይመልስልኝ። ሁለት ፈልገው አንድ ብቻ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ እየሮጡ ይመጣሉ።»

የዲትልኮም ሕዝብ እጅ ሁሉ፣ የፖሊሱም፣ የላጤውም፣ የሰር ጎድፍሬይም፣ ቀስ ብሎ ወደየኪሱ ገባ። ሚሲስ ታፕሎ ነሐሷን ከጡቷ መሃል ከተተችና ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

ክሌመንሲ ጥቂት እርምጃ ሄደች። ከዚያ እዚያው ሜዳው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ እንደ ሕፃን ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ልጆቹ ሁሉ ተንጋግተው ወደቁባት፣ ከመሃላቸው ፍየሏ ነጭ ቆቧን እንዳደረገች ትጮሃለች። ሚስ ፔንሮዝ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ማንም ወደሌለበት መንገድ አንገታቸውን አስግገው «የሚቀጥለው!» አሉ።